የኢንተርኔት ሱቅ ዘንቢል ሲመረጥ መዝገቡ ይቅደም

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" ይላል ያገራችን ሰው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ለመክፈት የሚነሳ ባለሀብት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው ከሥሩ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ነው። የሶፍትዌር ሻጩን ሲያነጋግር አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መልኩ ነው። ፎቶው ምን ያህል ይጎላል? ቀለሙ ይለዋወጣል ወይ? የቅናሽ ማስታወቂያው ብልጭ ድርግም ይላል ወይ? ሻጩም ይህንኑ ጥያቄ ስለለመደ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚያምረውን ያሳያል። ውሉ ይፈረማል፣ ቅድሚያ ክፍያው ይከፈላል። "ዕቃዬ፣ ገንዘቤና ደረሰኜ ማታ ላይ እኩል ይመጣሉ ወይ?" የሚለው ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል።

እዚህ ላይ የምንነጋገርበት ሶፍትዌር ፈረንጆቹ "የመገበያያ ጋሪ" የሚሉት ነው። እኛ ገበያ የምንወጣው ዘንቢል ይዘን ስለሆነ "ዘንቢል" ብንለው ይቀለናል። ገዢው በስልኩ ላይ እየመረጠ ዕቃውን የሚከትበት፣ ሒሳቡን የሚያወጣለት፣ ክፍያውን የሚቀበለውና ትዕዛዙን ወደ መጋዘን የሚያስተላልፈው ፕሮግራም ነው። ለአንድ ጫማ ቤት ነገሩ ቀላል ነው። ሃምሳ ሺህና መቶ ሺህ ዓይነት ዕቃ ለሚይዝ፣ ብዙ ነጋዴዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚያሰባስብ ሱቅ ግን የንግዱ አከርካሪ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ትልቅ ሱቅ ዘንቢሉን መምረጥ ያለበት በፊት ለፊቱ ውበት ሳይሆን በጓዳው መዝገብ ነው። መዝገቡም የባለቤቱ የራሱ መሆን አለበት። ኪራዩን ያልከፈለ ዕለት የሚዘጋበት መዝገብ የራሱ መዝገብ አይደለም።

ለምን አሁን?

እንደሚታወቀው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ። ቻፓን፣ አሪፍፔይንና ሳንቲምፔይን የመሳሰሉ የክፍያ አገናኞችም ገቡ። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ በ2017 ዓ.ም. "ዘመን ገበያ" የተሰኘ የኢንተርኔት ገበያ ከፈተ። ቀድሞ "በኢንተርኔት ማን ይከፍላል?" ይባል የነበረው ክርክር በአብዛኛው አብቅቷል።

ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሆነዋል። አንደኛው፣ ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት መከፈቱ ነው። ይህ ማለት ሥርዓቱን አገሩ ላይ ሠርቶ፣ ፈትኖና አስተካክሎ የሚመጣ ተወዳዳሪ ይኖራል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። በዶላር የሚከፈል ማንኛውም የሶፍትዌር ኪራይ ከዚያን ቀን ወዲህ በብር ሲመነዘር ሌላ ዋጋ ሆኗል።

ስለዚህ ዘንቢል መምረጥ የኮምፒዩተር ባለሙያው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ገንዘቡን አክሲዮን ላይ የሚያውለው ሰው፣ ሱቁን ወደ ኢንተርኔት የሚያዞረው ነጋዴና በመካከል የሚያገናኘው ደላላ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ የንግድ ውሳኔ ነው።

ከልደታ የሚወሰድ ትምህርት

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በአልሳም ጨለለቅ ሕንፃ ግብይት ሲጀምር ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ እየጮኹ፣ ሲስማሙም እጅ ለእጅ እየተማቱ ነበር የሚገበያዩት። ነገሩን ከውጭ ላየው ሰው ዘመን ያለፈበት ይመስል ነበር። "የዘመናዊ ገበያ ኮምፒዩተሩ የታለ?" የሚሉም አልጠፉም።

ኮምፒዩተሩ ግን ጓዳ ነበር። ቡናው ወይም ሰሊጡ አስቀድሞ መጋዘን ይገባል፤ ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ የመጋዘን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ደረሰኝ የሌለው ምርት መድረክ ላይ አይቀርብም። ገዢውም ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ያስገባል። ሽያጭ ሲፈጸም ገንዘቡ በማግሥቱ ወደ ሻጩ፣ የምርቱ ባለቤትነት ወደ ገዢው ይዛወራል። በኮምፒዩተር ስክሪን መገበያየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ይኸውም ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ምርት ገበያው በሌላ በሌላው ሲነቀፍ ቆይቷል፤ ነቀፋውም ሁሉ መሠረት የለሽ አልነበረም። በዚህ አንድ ነገር ግን ሊመሰገን ይገባዋል። መዝገቡን አስቀድሞ አቆመ፤ ስክሪኑን በኋላ አመጣ። የሸጠው ዕቃ መኖሩን ያውቃል፤ የተሸጠለት ሰው ገንዘብ እንዳለው ያውቃል። የእኛ የኢንተርኔት ሱቆች ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ስክሪኑ አለ፤ መዝገቡ ግን በአንድ ልጅ ደብተር ወይም በአንድ የኤክሴል ፋይል ላይ ነው። ገዢው ከፍሎ ሲያበቃ "ይቅርታ፣ ዕቃው አልቋል" የሚል ስልክ የሚደወልለትም ከዚህ የተነሳ ነው።

"ትልቅ" ማለት ምን ማለት ነው?

ሻጮች ሁሉ "የእኛ ሶፍትዌር ለትልቅ ሱቅም ይሆናል" ይላሉ። ትልቅነት ግን ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም በተለያየ መንገድ ይፈትናሉ።

የመጀመሪያው የዕቃው ዓይነት ብዛት ነው። አንድ ሸሚዝ በአምስት ቁጥርና በስድስት ቀለም ሲመጣ 30 የተለያየ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ክብደትና ቆጠራ ይኖረዋል። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ብቻ ሳይሆን የሚገባበት መረጃም ይፈርዳል። የአሜሪካው ታርጌት እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ገብቶ 133 መደብሮች ነበሩት። የገዛው ሥርዓት በዓለም የታወቀውን የጀርመኑን ሳፕ ነበር። ዕቃዎቹ ሲመዘገቡ ግን ኢንችና ሴንቲሜትር ተምታታ፤ ርዝመቱ በስፋቱ ቦታ ገባ፤ ዋጋው በሌላ አገር ገንዘብ ተጻፈ። መጋዘኑ ሞልቶ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ኩባንያው በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ከካናዳ መውጣቱን አስታወቀ። ሶፍትዌሩ ውድ መሆኑ አላዳነውም።

ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚገባው ገዢ ብዛት ነው። በአዘቦት ቀን መቶ ሰው የሚያስተናግድ ዘንቢል በፋሲካ ዋዜማ አሥር ሺህ ሰው ሊመጣበት ይችላል። የአማዞን ድረ-ገጽ እንኳን ሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. በዓመታዊ የቅናሽ ቀኑ መጀመሪያ ላይ ተጨናንቆ ገዢዎችን መልሷል። አማዞንን የገጠመው ነገር የልደታን ነጋዴ አይገጥመውም ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ሦስተኛው የሻጩ ብዛት ነው። በእኛ አገር ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ዕቃ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ድርጅት ማለት አይደለም፤ የመርካቶንና የልደታን ሱቆች በአንድ ላይ የሚያቀርብ ነው። አንድ ገዢ በአንድ ዘንቢል ከሦስት ነጋዴ ሦስት ዕቃ ይገዛል። ክፍያው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ግን ለሦስት ይከፈላል፤ ኮሚሽኑ ይቀነሳል። አንዱ ነጋዴ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ስለሆነ 15 በመቶ ያሰላል፤ ሌላው አይደለም። ደረሰኙ በማን ስምና በማን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል? ዕቃው ሲመለስ ታክሱ ከማን ይቀነሳል? ለዚህ መልስ የሌለው ዘንቢል ለአንድ ሱቅ እንጂ ለገበያ የተሠራ አይደለም።

ሁለቱ የፈተና ደቂቃዎች

በማንኛውም ዘንቢል ውስጥ ንግዱ የሚበላሸው በሁለት ደቂቃዎች ነው። የመጀመሪያዋ ዕቃው "የእኔ ነው" የሚባልባት ደቂቃ ናት።

እንበልና በገና ዋዜማ አንድ ሱቅ 10 የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀርቶታል፤ 60 ሰዎችም በየዘንቢላቸው ከተዋል። ፕሮግራሙ ዕቃውን ዘንቢል ውስጥ እንደገባ የሚይዘው ከሆነ፣ አሥር ተመልካቾች ሳይገዙ ምጣዶቹን ሁሉ አስይዘው ይቀመጣሉ፤ እውነተኛው ገዢ "አልቋል" ይባላል። የሚይዘው ከተከፈለ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስድሳውም ይከፍላሉ፤ ለሃምሳው ገንዘብ መመለስ ሊኖርብን ነው። ጥሩው መንገድ በመካከል ያለው ነው። ገዢው "ልክፈል" ሲል ዕቃው ለተወሰነ ደቂቃ ይያዝለታል፤ ካልከፈለ ይለቀቃል። ስለዚህ ለሶፍትዌር ሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ዕቃው የሚያዘው መቼ ነው? ለስንት ደቂቃ? ደቂቃውን መለወጥ የምችለው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ያው ምጣድ ልደታ ባለው ሱቅ መደርደሪያ ላይም ተቀምጦ ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ያለው የሽያጭ መመዝገቢያና የኢንተርኔቱ ዘንቢል በአንድ መዝገብ ካልተገናኙ፣ አንዱ የሸጠውን ሌላው ደግሞ ይሸጠዋል። በመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያውቃል። ዕቃ ያለ ሞዴል 19 ገቢ አይሆንም፤ ያለ ሞዴል 22 ወጪ አይሆንም፤ ቢን ካርዱም ሁለቱን ያስታርቃል። የኢንተርኔት ሱቅ ከዚህ ሕግ ነፃ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛዋ ደቂቃ ገንዘቡ የሚሻገርባት ናት። ገዢው የምሥጢር ቁጥሩን አስገብቶ ከፍሏል፤ ሒሳቡም ተቀንሷል። በዚያው ቅጽበት ኔትዎርክ ተቋረጠ። ዘንቢሉ መከፈሉን አልሰማም። ገዢው ተጨንቆ ደግሞ ይከፍላል፤ ወይም ተናዶ ይሄዳል። ይህ በእኛ አገር እንግዳ አጋጣሚ ሳይሆን የዘወትር ነገር ነው። ጥሩ ዘንቢል ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ መልስ ካልመጣለት ራሱ ወደ ክፍያ ድርጅቱ ተመልሶ "ይህ ክፍያ ተፈጽሟል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ያው አንድ ክፍያ ሦስት ጊዜ ቢነገረው አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ትዕዛዙን፣ የክፍያ ድርጅቱን ዝርዝርና የባንኩን ሒሳብ አስተያይቶ ያልተገናኘውን ለሒሳብ ሠራተኛው ያወጣል። ይህን ሦስተኛውን በሠርቶ ማሳያ ላይ ማንም ሻጭ ሳይጠየቅ አያሳይም። በውበቱ የሚታይ ነገር የለውምና።

ከሦስቱ መንገዶች የትኛው?

ገበያ ላይ ሦስት መንገዶች አሉ። መከራየት፣ ክፍት የሆነውን ወስዶ ማስተካከል፣ ከባዶ ማሠራት።

የኪራዩ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የካናዳው ሾፒፋይ ዋና ምሳሌው ነው። ስለ ሰርቨር፣ ስለ መብራትና ስለ ጥገና አያሳስብም። በአንድ ሳምንት ሱቅ ይከፈታል። ለትንሽና ለመካከለኛ ሱቅ፣ በተለይም ለውጭ አገር ገዢ ለሚሸጥ፣ የሚናቅ አይደለም። ለትልልቅ ሱቆች የተዘጋጀው ዓይነት ግን በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ 2,000 ዶላር 114,000 ብር ነበር። ዶላሩን በ120 ብር ብናስበው 240,000 ብር ይሆናል። ሱቁ አንድ ምጣድ እንኳን አብልጦ ሳይሸጥ ኪራዩ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት በኢትዮጵያ ስለማይሠራ በሌላ አገናኝ መክፈል ግድ ይላል፤ በሌላ አገናኝ ለሚከፈለው ደግሞ ሾፒፋይ ተጨማሪ ኮሚሽን ያስከፍላል። ዶላሩንም በየወሩ አግኝቶ መላክ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ክፍቱ ዓይነት ማንም ሊወስደው፣ ሊያየውና ሊያስተካክለው የሚችል ፕሮግራም ነው። ማጄንቶ፣ ዎኮሜርስ፣ ኦፕንካርትና ፕሬስታሾፕ ከዚህ ወገን ናቸው። "በነፃ ነው" ሲባል ግን በግ በነፃ እንደማግኘት ነው፤ ሣሩንና እረኛውን ማን ይከፍላል? ዎኮሜርስ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ለአገር ውስጥ የክፍያ አገናኞችም ማያያዣ አለው። ሆኖም ለብዙ ዓመት ትዕዛዞችን ያስቀምጥ የነበረው የድረ-ገጽ ጽሑፎች በሚቀመጡበት በዚያው ሰንጠረዥ ነበር። ትዕዛዝ የራሱን ሰንጠረዥ አግኝቶ የአዳዲስ ሱቆች መደበኛ አሠራር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስለዚህ በዎኮሜርስ ትልቅ ሱቅ ለመሥራት የሚያስብ ሰው በየትኛው አሠራር እንደሚተከልለት መጠየቅ አለበት። ማጄንቶ በአንጻሩ ለብዙ ዕቃና ለብዙ መጋዘን ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን ኃይለኛ ሰርቨርና ጥሩ ባለሙያ ይፈልጋል። ባለቤቱም ተለዋውጧል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2011 ገዛው፤ አዶቢ በ2018 በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው። የመጀመሪያው ማጄንቶ ጥገና በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ሲቆም፣ በእርሱ ላይ ሱቃቸውን የሠሩ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ብዙውን ነገር እንደገና ማሠራት ግድ ሆነባቸው።

ከባዶ ማሠራት የኩራት መንገድ ነው። "የራሳችን" ማለት ያስደስታል። ነገር ግን ሌሎች በሃያ ዓመት ውስጥ ተሳስተው ያረሙትን ስህተት ሁሉ እንደ አዲስ፣ በራሳችን ደንበኛ ላይ መሳሳት ነው። የክፍያ መደጋገሙ፣ የመመለሻ ሒሳቡ፣ የቅናሽ ኩፖኑ ሁሉ ወጥመድ አለው።

የቻይናው ታዎባዎ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አሊባባ ታዎባዎን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፍት ከባዶ አልጀመረም። ከአሜሪካ አንድ ዝግጁ የጨረታ ፕሮግራም በጥቂት ሺህ ዶላር ገዝቶ ወደ ራሱ ቋንቋና ልማድ አዞረው። ሱቁ ሲያድግ የመረጃ ቋቱን ለወጠ፤ ቆይቶም ፕሮግራሙን በሙሉ በሌላ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። አሊባባ እ.ኤ.አ. በ2019 በኅዳሩ የሽያጭ ቀን በሰከንድ እስከ 544,000 ትዕዛዝ ተቀብሏል። ይህን ሁሉ ሊለዋውጥ የቻለው ግን ፕሮግራሙም መዝገቡም በእጁ ስለነበረ ነው። ተከራይ ቢሆን ኖሮ አከራዩን መለመን ነበረበት።

እንግዲህ የዚህ ጸሐፊ ምክር ይህ ነው። ለትልቅ ሱቅ ክፍት ከሆኑት አንዱን መሠረት አድርጎ መነሳት፤ የዕቃውን፣ የትዕዛዙንና የገንዘቡን መዝገብ ግን ከፊት ለፊቱ ለይቶ በራስ ይዞታ ማቆም። የፊቱ ገጽታ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ጉዳት የለውም። መዝገቡ ግን ልክ እንደ ሱቁ መሬት ነው።

የአገሩን አየር ያልጠየቀ ሕንፃ

በልደታ የገበያ ማዕከል ላይ የሆነው ነገር ለሶፍትዌርም ትምህርት አለው። "ልደታ መርካቶ" የተባለውን ሕንፃ የነደፈው ስፔናዊው አርክቴክት ሻቪዬር ቪላልታ እ.ኤ.አ. በ2013 ባደረገው ንግግር እንዳስረዳው፣ መነሻው ላይ የነበረው ሐሳብ እንደ ሌላው ዓለም የመስታወት ሕንፃ ማቆም ነበር። መስታወቱ ግን ፀሐይ አስገብቶ ያግላል፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ አየር ግን ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አርክቴክቱ የነባሩን መርካቶ አሠራር ተመልክቶ ሱቆቹን አነስ አነስ አደረጋቸው። ግድግዳውን ደግሞ ከአገር ልብስ ጥለት በተወሰደ ቅርጽ ወንፊት አድርጎ አየር አስገባበት።

ከውጭ የሚመጣው ዘንቢልም ብዙውን ጊዜ የመስታወት ሕንፃ ነው። የሚፈልገው መብራትና ኔትዎርክ እዚህ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ለንደን ላይ የተከፈተው ቡ የተባለ የልብስ ሱቅ ገጾቹ እጅግ ከመክበዳቸው የተነሳ በዚያን ጊዜው የስልክ መስመር ኢንተርኔት አይከፈቱም ነበር። 135 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በልቶ በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የእኛ ገዢ የሚገዛው በርካሽ ስልክ፣ በሜጋባይት እየቆጠረ ነው። የከበደ ገጽ ገዢን ያስከፍላል፤ አስከፍሎም ያባርራል።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል መቆየቱን የሚረሳ ነጋዴ የለም። ስለዚህ ትዕዛዝ በስልክ ተደውሎ ሲመጣም ሠራተኛዋ እዚያው መዝገብ ላይ የምታስገባበት መንገድ ሊኖር ይገባል። የስልኩ ትዕዛዝ በሌላ ደብተር የሚጻፍ ከሆነ መዝገቡ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። "መጽሐፍ" የሚለውን ቃል በጸሎቱ "ጸ" ወይም በፀሐዩ "ፀ"፣ በሦስቱ "ሀ" እያቀያየርን ቢያንስ በስድስት መንገድ ልንጽፈው እንችላለን። ገዢው በአንዱ ሲፈልግ ሱቁ በሌላው ጽፎት ከሆነ ፕሮግራሙ "የለም" ይላል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ሽያጩ ያመልጣል። ድምፀ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ማስተካከያ ማድረግ ለፕሮግራም ሠሪ ከባድ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ለመንካት ከተፈቀደለት።

አድራሻም እንደዚሁ ነው። የውጭው ቅጽ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ካልተሞላ አላሳልፍም ይላል። የልደታ ነዋሪ አድራሻ ግን "ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ኮንዶሚኒየሙ ጋ፣ ስትደርስ ደውል" ነው። ቅጹ ይህን መቀበል፣ ለሞተረኛውም ስልኩን አጉልቶ ማሳየት አለበት።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

"ክፍቱን ይዤ ባለሙያ ብቀጥር፣ ባለሙያው ነገ ጥሎኝ ቢሄድስ?" የሚል አለ። ስጋቱ እውነት ነው። መልሱ ግን ኪራይ ሳይሆን ሁለት ሰው ማሠልጠን፣ የተሠራውን ሁሉ በጽሑፍ ማስቀመጥና የፕሮግራሙን ጽሑፍ በድርጅቱ ስም መያዝ ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጥሎን ስለሚሄድ ሒሳብ መዝገቡን ለጎረቤት አናከራይም።

"የውጭዎቹ ደኅንነታቸው የተጠበቀ ነው" የሚልም አለ። ይህም በከፊል እውነት ነው፤ ትልልቆቹ አከራዮች ለጥበቃ የሚያወጡትን የእኛ ሱቅ አያወጣም። ይሁን እንጂ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ መያዝና ወደ ውጭ ማስተላለፍ ሕግ የሚገዛው ጉዳይ ሆኗል። የደንበኛው ስም፣ ስልክና አድራሻ የት አገር እንደተቀመጠ የማያውቅ ሱቅ በሕግ ፊት ምን ብሎ ይመልሳል?

ከመፈረም በፊት

የመጀመሪያው የበዓል ዋዜማ ፈተና ነው። ሻጩ ባመጣው አሥር ዕቃ ሳይሆን በራስ መጋዘን ሙሉ ዝርዝር፣ ባለፈው ፋሲካ ከነበረው ገዢ አምስት እጥፍ የሚሆን የውሸት ገዢ ይለቀቅበት። ፈተናው እየሄደ ኔትዎርኩ ይቆረጥ፤ መብራቱም ይጥፋ። ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛው ዕቃውን፣ ገንዘቡንና ደረሰኙን ያስታርቅ። ካልታረቀ መፈረም የለም።

ሁለተኛው የመውጫ በር ነው። ውሉ ላይ "ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የዕቃውን፣ የደንበኛውንና የትዕዛዙን ዝርዝር በሙሉ፣ ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ ይረከባል" የሚል አንቀጽ ይግባ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካንገራገረ ሐሳቡ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። በልደታ ጣቢያ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የከተማው ኩራት ነበር። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ግን በዓመታት ውስጥ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ሐዲዱ አለ፤ ጣቢያው አለ፤ መንገደኛውም አለ። የጎደለው እዚህ የሚጠግነው እጅና እዚህ የሚገኘው ዕቃ ነው። ሶፍትዌርም መለዋወጫ አለው፤ መለዋወጫው የሚያውቀው ባለሙያ ነው። ስለዚህ "ሲበላሽ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ይጠግነዋል?" ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ "አንድ" ከሆነ ጥገኛ ሆነናል፤ "አንድም" ከሆነ ከወዲሁ እንተወው።

አራተኛው የአክሲዮን ገዢውን ይመለከታል። በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ገንዘብ እንዲያውሉ የሚጋበዙ ባለሀብቶች የገጹን ፎቶግራፍ ሳይሆን የአንድ ወር የማስታረቂያ ሒሳብ ይጠይቁ። ስንት ትዕዛዝ ተከፈለ? ስንቱ ደረሰ? ስንቱ ተመለሰ? ያልተገናኘው ስንት ብር ነው? ይህን በአንድ ገጽ ማውጣት ያልቻለ ድርጅት ምንም ያህል ቢያምር ገንዘብ ሊጣልበት አይገባም።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እንዲሉ፣ ለቀጣዩ በዓል ለመድረስ ተብሎ በአንድ ወር የሚተከል ዘንቢል ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ሲለቀም ይኖራል። የውጭው ተወዳዳሪ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም ከእኛ የሚበልጠው በቀለም አይሆንም። የሸጠውን የሚያደርስ፣ ያላደረሰውን የሚመልስ፣ ማታ ሒሳቡ የሚገጥም ሆኖ ነው የሚመጣው። ነጋዴያችን ይህን ፈተና ሊያልፍ የሚችለው ዛሬ የሶፍትዌር ሻጩ ላፕቶፑን ሲከፍት "ገጹን ቆይተህ ታሳየኛለህ፤ መጀመሪያ መዝገቡን አሳየኝ" ማለት ሲጀምር ነው።